ፈጣን መኪና፣ ወጣት ነጂና የዓረቦን ሂሳብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ስለ መኪና መድን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል፦ ነጂው ወጣት፣ መኪናው ስፖርት፣ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህም እጅ የገባበት። ተመሳሳዮቹን አጣምረን መልሰናል። የፖሊሲ ቃል ከኩባንያ ኩባንያ፣ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያልና ያነበባችሁትን በእጃችሁ ካለው ውል ጋር አስተያዩት።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ቶዮታ ጂቲ 86 ልገዛ ነው፤ ቱርቦም ላስገጥምበት አስቤያለሁ። ለሙሉ ዋስትና የተጠየቅሁት ዓረቦን ጓደኛዬ ለቤተሰብ መኪናው ከሚከፍለው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እስካሁን ጭረት እንኳ አድርሼ አላውቅም። ታዲያ የምቀጣው በምን ጥፋቴ ነው?

መልስ፦ ጥፋት የለብዎትም፤ ኩባንያው ገና አላወቅዎትም። ስለማያውቅዎት እርስዎን በሚመስሉ ሰዎች መዝገብ ይመዝንዎታል። የወጣቶች መዝገብ ደግሞ የሚያስደስት አይደለም፦ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

የዓረቦን መሠረቱ ሁለት ቁጥር ማባዛት ነው፦ አደጋው የመድረስ ዕድሉና አንዱ አደጋ የሚያስወጣው አማካይ ወጪ። ለማሳያ ያህል እኛ የፈጠርናቸውን ቁጥሮች እንውሰድ። ከ100 ተራ ነጂዎች በዓመት 5ቱ ካሳ ቢጠይቁና አማካይ ወጪው 200,000 ቢሆን፣ በነፍስ ወከፍ 10,000 ይደርሳል። ከ100 ወጣት የስፖርት መኪና ነጂዎች 12ቱ ቢጠይቁና አማካዩ 300,000 ቢሆን ግን 36,000 ነው። ዕድሉ ከእጥፍ ትንሽ አለፈ፣ ወጪው በግማሽ ጨመረ፤ ሁለቱ ሲባዙ ግን ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ሆኑ። የጓደኛዎና የእርስዎ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወጪው ለምን ከፍ ይላል? ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪናውን ዋጋ ነው። ኩባንያውን የሚያስፈራው ግን በሌላ ሰው አካል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ የአንድ ሰው አካል ጉዳት ካሳ ብዙ መኪኖችን ይገዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር ይዞት የሚመጣው ጉልበት በ56 በመቶ ይበልጣል፤ ፍጥነቱ የጨመረው በ25 በመቶ ብቻ ቢሆንም።

አሁን ወደ ቱርቦው። ጂቲ 86 ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 1,240 ኪሎ ገደማ ነው። በቶን ሲሰላ 161 የፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። ቱርቦው 280 ቢያደርሰው በቶን 226 ይሆናል። ፍሬኑ፣ ጎማውና ካምቢዮው ግን አሁንም ለ200 የተሠሩት ናቸው። ኩባንያው ይህን ሲሰማ «40 በመቶ ጨመረ» ብሎ 40 በመቶ ብቻ አያስከፍልም፤ ከነአካቴው «አንቀበልም» ሊልም ይችላል።

እንደ እኛ ከሆነ መኪናውን ይግዙ፣ ቱርቦውን ያቆዩት። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ከአንድ ኩባንያ ሦስት ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ መኪናው እንዳለ፤ ቱርቦው ተጨምሮ፤ እንዲሁም አንድ ዓመት ያለ ካሳ ጥያቄ ካሳለፉ በኋላ ቱርቦው ሲጨመር። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ልዩነት የቱርቦው እውነተኛ ዋጋ አካል ነው። ዕቃው አንዴ ይገዛል፤ ዓረቦኑ ግን በየዓመቱ ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ማርሚታ፣ አጭር ሞላ፣ ቸርኬ፣ ትልቅ ፍሬን፣ የእሽቅድምድም ወንበር፣ ስቲከር። ከእነዚህ ማስታወቅ ያለብኝ የቱን ነው? ዓረቦን የሚያስጨምረውስ?

መልስ፦ የሚታወቀው ሁሉም ነው። መለኪያው «ጉልበት ይጨምራል ወይ?» ሳይሆን «መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ነበረ ወይ?» የሚለው ነው። ስቲከሩንም ይናገሩ፤ ብዙ ጊዜ ምንም አያስጨምርም፣ ካልተነገረ ግን ለክርክር በር ይከፍታል።

ዋጋ የሚያስጨምሩት ሁሉም በአንድ ምክንያት አይደለም። ቱርቦ፣ ሱፐርቻርጀር፣ የሞተር ቅያሪና ሪማፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌር ለጉልበት ብሎ መቀየር) የሚያስፈሩት በፍጥነት ነው። ሰፊ ቸርኬ፣ ውድ የድምፅ መሣሪያና የካርቦን ኮፈን ደግሞ ሌባ ስለሚጠሩ ነው። የመኪናውን የውጭ አካል ለማስዋብ የሚገጠም ኪት አንድ ጊዜ ሲሰበር እንደ ፋብሪካ ፓራውልት ከመደብር አይገኝም፤ ታዝዞ፣ ተቀብቶ፣ ተገጥሞ ነው፤ ወጪው የሚጨምረው እዚያ ላይ ነው። ማርሚታ ብቻውን ከተቀየረ ጉልበት የሚጨምረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ይሁን እንጂ ኩባንያው ከማርሚታው ጀርባ ሪማፕ መኖሩን ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

ሰዎችን ግራ የሚያጋባው «ለደኅንነት ብዬ ነው ያስገጠምኩት» የሚሉት ዕቃ ነው። ትልቅ ፍሬን ጥሩ ነገር ነው። የፊቱ ብቻ ሲያድግና የኋላው ሲቀር ግን በፊትና በኋላ መካከል የነበረው ሚዛን ይዛባል፤ የፊት ጎማ ቀድሞ ይያዛል፣ የኋላው ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል፣ መኪናው ለመቆም የሚወስደው ርቀትም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሲያስታውቁ «ትልቅ ፍሬን» ብለው አይለፉ፤ የዲስኩን ዲያሜትር፣ የካሊፐሩን ዓይነት፣ ኤቢኤስ ሳይነካ መቆየቱንና የገጠመውን ጋራዥ ይጻፉ።

በውስጥ የሚገጠም የብረት ከለላም (ሮል ኬጅ) እንዲሁ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠራው ነጂው የራስ ቁር አድርጎ፣ በብዙ ነጥብ ቀበቶ ታስሮ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው። በተራ መንገድ ባዶ ራስ ከብረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ፣ ከጎን በሚመጣ ግጭት ብረቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። መሪ መቀየር የአየር ከረጢቱን ያስወጣል። ወንበር ሲቀየርም ከጎን ያለው የአየር ከረጢት አብሮ ይነሳል። አንዳንድ ጋራዥ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ለማጥፋት በቦታው ሬዚስተር ያስገባል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ከረጢቱ ግን የለም። በዚህ ላይ ብዙ ኩባንያ ዋጋ አይጨምርም፤ በቀጥታ «አይሆንም» ይላል። ልክም ነው።

ሞላን በተመለከተ፣ አጭር ሆኖ የተሠራ ሞላ እና የተቆረጠ ሞላ አንድ አይደሉም። 6 ጥምዝ የሚሠራ ሞላ አንዱ ሲቆረጥበት ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። ከዚህም የባሰው፣ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ መቻሉ ነው። መኪና ዝቅ ሲል የፊት መብራት አቅጣጫ ይለወጣል፤ በመስታወቱ ላይ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነም ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። የአላይመንትና የካሜራ ማስተካከያውን ወረቀት ያስቀምጡ። ከሥራው ይልቅ ወረቀቱ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

የሚያስቀንስም አለ፦ ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ መሣሪያ)፣ መከታተያ መሣሪያና የተቆለፈ ማደሪያ። እነዚህም ቢሆኑ በጽሑፍ መነገር አለባቸው፤ «ማታ በተቆለፈ ጋራዥ ያድራል» ተብሎ ቅናሽ ከተገኘ በኋላ መኪናው ከደጅ ከተሰረቀ ቅናሹ ራሱ ካሳ ለመከልከል ምክንያት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ያገለገለ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ነው። የፊተኛው ባለቤት ምን እንደቀየረ አልነገረኝም። የማላውቀውን እንዴት ላስታውቅ?

መልስ፦ «አላውቅም ነበር» የሚለው ምክንያት የሚሠራው፣ ማወቅ ይችሉ ነበር ተብሎ እስካልተገመተ ድረስ ብቻ ነው። የ7 ሳንቲ ሜትር ማርሚታ እያገሳ «አላየሁትም» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ አንድ ቀን መድበው መኪናውን ያስመርምሩ።

በሻንሲ ቁጥሩ ከአምራቹ ወኪል የፋብሪካውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ መኪናው ሲወለድ የነበረው ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ወንበር እዚያ ላይ አለ። ከዚያ መኪናው ተነስቶ ከታች ይታይ፦ የሞላው ቀለምና የዕቃ ቁጥር፣ የኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዝቅዘው ዕቃ) መጠን፣ ከቱርቦው ወደ ማርሚታ የሚወርደው ቧንቧ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በቦታው መኖር አለመኖሩ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ስሪት ከፋብሪካው ጋር ይነጻጸር። በመጨረሻም በዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ይመዘን። ዳይኖ የሚለካው ከጎማ ላይ ያለውን ጉልበት ነው፤ በባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ የሚባክነው ከፍ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ ከፋብሪካው ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ አንድ ሰው ሞተሩን ነክቶታል።

የተገኘውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈው ከፎቶ ጋር ይላኩ፤ ከታችም «በተመረመረበት ቀን የተገኘው ይህ ነው» ብለው ቀኑን ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ ሪማፑን ከምርመራ በፊት ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር እንደሚመልስልኝ ነግሮኛል። ሩብ ሰዓት አይፈጅም ይላል። ኩባንያው በምን ሊያውቅ ይችላል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ቅን ስለሆነ መልሱም ቅን ይሁን፦ ትንሽ ጭረት ከሆነ ላያውቅ ይችላል። ሰው ከተጎዳ ግን ያውቃል፤ ያኔ ደግሞ መኪናው በእጅዎ አይሆንም። ከከባድ አደጋ በኋላ መኪናው ተጎትቶ የሚሄደው ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ገማች ግቢ ነው። መካኒክዎ ያላትን ሩብ ሰዓት ማን ይሰጠዋል?

ቢመለስም ዱካ ይቀራል። ብዙ የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ሶፍትዌራቸው ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጥራሉ፤ ወደ ነበረበት መመለስ ራሱ አንድ ቁጥር ይጨምራል። በብዙ መኪኖች የአየር ከረጢት መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው መቅጃ ደግሞ ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሴኮንዶች ይይዛል፦ ፍጥነት፣ የነዳጅ መርገጫው ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ፍሬን ተይዞ እንደሆነ። ፍጥነቱ በእነዚያ ሴኮንዶች ያሻቀበበት መጠን ለፋብሪካው ሞተር የማይቻል ከሆነ ገማቹ ሶፍትዌሩን ማየት አያስፈልገውም። ትልቁ ኢንተርኩለር፣ የጋራዡ ደረሰኝና በማኅበራዊ ገጽ ላይ የለጠፉት የዳይኖ ቪዲዮ ደግሞ የቀረውን ይናገራሉ። ስንት መኪና በቪዲዮ እንደተረታ ቢቆጠር!

የመድን ውል ከሌላ ውል የሚለየው በዚህ ነው፦ አደጋውን የሚያውቀው ጠያቂው ስለሆነ የመናገር ግዴታውም የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በካርተርና በቦህም ክርክር ይህን መርህ በግልጽ አስቀምጠዋል። የሚገርመው በዚያ ክርክር የተረታው መድን ሰጪው ነበር፤ ስለ አደጋው ራሱም ማወቅ ይችል ነበርና። ይህ ዛሬም ይጠቅምዎታል፦ የተናገሩትንና ኩባንያው በጽሑፍ የተቀበለውን ነገር በኋላ ተመልሶ ምክንያት ሊያደርገው ይቸግረዋል።

የተደበቀ ነገር ሲገኝ እንደየውሉና እንደየሕጉ ከሦስት አንዱ ይደርሳል። ኩባንያው ውሉን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጥረዋል፤ ወይም ካሳውን በተከፈለውና መከፈል በነበረበት ዓረቦን ልክ ይቀንሰዋል፤ ወይም በብዙ አገሮች እንደሚደረገው ለተጎጂው ሦስተኛ ወገን ይከፍልና ገንዘቡን ዞሮ ከእርስዎ ይጠይቃል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። በዓረቦን ላይ የተቆጠበው ትንሽ ገንዘብ ለዓመታት የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። ከዚህም በኋላ «ውልዎ ተሰርዞ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ በየማመልከቻው ቅጽ ላይ ይጠብቅዎታል።

ሪማፑ አስቀድሞ ከተሠራ ዛሬውኑ ይጻፉ፦ የሠራው ጋራዥ፣ ቀኑ፣ በፊትና በኋላ ያለው የፈረስ ጉልበት። አደጋ ሳይደርስ ዘግይቶ የተነገረ ነገር ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የታወቀ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። መኪናውን በእኔ ስም አድርጌ፣ ራሴን ዋና ነጂ ብዬ ብሞላ ዓረቦኑ በግማሽ ይወርዳል ተባልኩ። ችግር አለው?

መልስ፦ አባት ሆነው ማሰብዎ የሚጠበቅ ነው፤ ነገሩ ግን ከላይ ከተጻፈው መደበቅ አይለይም። ወሳኙ ባለቤቱ ማን መሆኑ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ማን መሆኑ ነው። ልጅዎ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ከሄደ ዋናው ነጂ እሱ ነው። አደጋ ሲደርስ የመኪናው ማደሪያ፣ የነዳጅ ደረሰኝና የጎረቤት ቃል ይህን ያወጡታል።

ቀጥተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ ልጁ ዋና ነጂ፣ እርስዎ ተጨማሪ ነጂ ሆነው ይመዝገቡ። በእርግጥ የሚነዱት ከሆነ፣ ብዙ ልምድ ያለው ሰው አብሮ መመዝገቡ አንዳንድ ጊዜ ዓረቦኑን ዝቅ ያደርገዋል። ያለ ካሳ ጥያቄ የሚገኘው ቅናሽም በልጅዎ ስም መቆጠር ይጀምራል፤ በእርስዎ ስም ቢሆን በ23 ዓመቱ ባዶ እጁን ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ከ16 ወደ 18 ኢንች ቸርኬ ልቀይር ነው። ኩባንያዬ «የጎማውን ሙሉ ልክ ላክ» አለኝ። ይህ ሁሉ ለምን?

መልስ፦ ምክንያቱ ሂሳብ ነው። የነበረው 205/55 አር 16 ከሆነ የጎማው ሙሉ ቁመት 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ225/40 አር 18 ቢቀየር 637 ይሆናል፤ ልዩነቱ 1 በመቶ አይሞላም። በ225/45 አር 18 ቢቀየር ግን 660 ይደርሳል፣ 4.4 በመቶ ይበልጣል። ያኔ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል እርስዎ በ104 እየሄዱ ነው፤ ጎማውም መሪ ሲጠመዘዝ ከመከለያው ጋር ሊፋተግ ይችላል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደልም ተራ ጌጥ አይደለም። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፤ 88 ግን 560 ብቻ ነው። ቪ እስከ 240፣ ኤች እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከፋብሪካው ዝቅ ያለ ቁጥር ከተገጠመ ገማቹ ከጎማው ጎን ላይ ያነበዋል።

ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቀለበት) ከገባ ደግሞ ብሎኑን ይቁጠሩ። 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም ሆኖ ጥርሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት የተቆረጠ ብሎን ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት፤ 4 ዙር ላይ ከጠበቀ ብሎኑ አጭር ነው። ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ በቶርክ መፍቻ እንደገና ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ከሪማፕ በኋላ ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ተሰበረ። ሙሉ ዋስትና አለኝ፣ ለውጡንም አስታውቄያለሁ። ይከፈለኛል?

መልስ፦ አይከፈልዎትም። ሙሉ ዋስትና የሚሸፍነው ከውጭ በድንገት የደረሰን ነገር ነው፦ ግጭት፣ እሳት፣ ስርቆት። የሞተር ብልሽትና እርጅና ከዋስትና ውጪ ነው። የፋብሪካ ዋስትናም ቢኖር ኖሮ በሪማፑ ምክንያት ለሞተሩ ላይሠራ ይችል ነበር።

ምክንያቱን ማወቅ ግን ከጋራዡ ጋር ለሚኖርዎት ክርክር ይጠቅማል። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሄድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ቱርቦው ሲገፋ ግን ለማቀዝቀዝ ጭምር ቤንዚኑ በዛ ይላል፤ አየሩ ከ11.5 እስከ 12 ይወርዳል። ግፊቱ ጨምሮ ኢንጀክተሩ ዐቅሙ ካለቀ፣ አየሩ እየበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ በቀለበቶቹ መካከል ያለው የፒስተን ጠርዝም ይሰበራል። የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ያስወጡ፤ በጫፉ ላይ የተረጨ የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ካለ ምስክሩ እሱ ነው። ጋራዡን የመጨረሻውን የዳይኖ ግራፍ ከአየርና ቤንዚን ንባቡ ጋር ይጠይቁ። ንባቡ የሌለው ግራፍ ከሰጠዎት፣ ሲሠራም አልተመለከተውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 600,000 ያወጣል፤ በላዩ 200,000 አፍስሻለሁ። ቢሰረቅ 800,000 አገኛለሁ?

መልስ፦ ለውጡን ማስታወቅና ለውጡን ማስገመት ሁለት ነገር ናቸው። ያስታወቁት ዕቃ ውሉ እንዳይፈርስ ያደርጋል እንጂ ዋጋውን አያስከብርም። በተለመደው ውል የሚከፈለው የገበያ ዋጋ ነው፤ ገበያው ደግሞ ለተነካካ መኪና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያወጡትን ሳይሆን ከዚያ ያነሰ ነው። አንዳንዱ ውልማ የተሰበረውን ቸርኬ በፋብሪካው ቸርኬ ዋጋ ብቻ ይተካል፤ «የፋብሪካ መለዋወጫ ብቻ» የምትል አንዲት መስመር ፈልጉ።

በ600,000 አስገምተው መኪናው 800,000 የሚያወጣ ከሆነና በውሉ የተመጣጣኝነት ደንብ ካለ፣ በከፊል ጉዳት ጊዜም ይጎዳሉ። 200,000 ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው ሦስት አራተኛው፣ 150,000 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ (በየአደጋው ከራስዎ ኪስ የሚሸፍኑት ድርሻ) ይነሳል።

መፍትሔው በስምምነት የተቆረጠ ዋጋ ነው። ውሉ ሲፈረም ዋጋው ተቆርጦ ይገባል፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ያ ይከፈላል። ለዚህ ደረሰኞች፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ፎቶና የገለልተኛ ገማች ወረቀት ያስፈልጋል። በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ሦስት ዓመት የቆየ ግምት ይዞ መከራከር ከባድ ነው። አስቀድመው ሌላ ነገርም ያስጽፉ፦ መኪናው ከጥገና ውጪ ከተባለ ቅሪቱን የመግዛት ቅድሚያ። ካሳው ከተከፈለ በኋላ ቅሪቱ የኩባንያው ነው፤ ማታ ሄዶ ወንበሩንና ቱርቦውን መፍታት ስርቆት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በዓመት አንድ ጊዜ በእሽቅድምድም ሜዳ ብነዳ ዋስትናዬ ይሠራል?

መልስ፦ በተለመደው ውል አይሠራም፤ ሰዓት ባይያዝም፣ ውድድር ባይሆንም። ለዚያ ቀን ብቻ የሚገዛ የተለየ ዋስትና አለ፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የራስዎን መኪና ጉዳት እንጂ በሌላው ላይ የሚያደርሱትን አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሳልዋሽ ዓረቦኔን የምቀንስበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። የመጀመሪያው ቴሌማቲክስ ነው፤ ፍጥነትን፣ ድንገተኛ ፍሬንን፣ የሚነዳበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ለወጣት ነጂ «አላወቅዎትም» የሚለውን ችግር በቀጥታ የሚፈታው እሱ ነው። በኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒውተር መመርመሪያ) ሶኬት የሚሰካ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ፦ ሶኬቱ ከባትሪው ያለማቋረጥ ኃይል ያገኛልና ለሳምንታት የማይነሳ መኪና ባትሪው ይወርዳል፤ ጠንካራ ሞላም ጉድጓድ ላይ ሲነጥር እንደ ድንገተኛ ፍሬን ሊቆጠር ይችላል። የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት ያንብቡና የማይመስል ነገር ካለ ወዲያው ይጻፉ።

ኤክሰስን ከፍ ማድረግም ይቀንሳል። ግን ይደምሩት፦ መሠረታዊው፣ ለወጣት ነጂ የሚጨመረውና ለተሻሻለ መኪና የሚጨመረው በአንድ አደጋ ላይ ሦስቱም ሊነሱ ይችላሉ። ድምሩን ነገ ጠዋት ከኪስዎ ማውጣት ካልቻሉ በጣም ከፍ አድርገውታል።

ያለ ካሳ ጥያቄ የሚገኘውን ቅናሽ ለማሳደግ ደግሞ ትናንሽ ጉዳት ይዘው አይሮጡ። ፓራውልት ለማሠራት 40,000 ቢያስፈልግና ኤክሰሱ 25,000 ቢሆን ከኩባንያው የሚያገኙት 15,000 ነው። ዓረቦንዎ 50,000 ሆኖ በዚህ ምክንያት የ20 በመቶ ቅናሽ ለሁለት ዓመት ቢያጡ 20,000 ይከፍላሉ። አደጋ መድረሱን ግን በማንኛውም ሁኔታ ያሳውቁ፤ ሌላ መኪና ወይም ሰው ካለበት በተለይ። የሚተዉት ካሳ መጠየቁን እንጂ ማሳወቁን አይደለም፤ በሪፖርቱ ላይም «ካሳ አልጠይቅም» ብለው ይጻፉበት።